«ደም የማይፈስበት አደን»፦ ከደሴ ወደ የጎፍ ግርጌ የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ ግምገማ

በጥቅምት ወር የመጨረሻው እሑድ፣ ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ የጎፍ ደን ግርጌ የሚዘልቅና «ባህላዊ አደን በውሻ፣ ደም ሳይፈስ» በሚል ማስታወቂያ የሚሸጥ የአንድ ቀን ጉዞ ከፍዬ ሄጄ ነበር። ለአንድ ሰው የተጠየቀው 1,800 ብር ሲሆን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ቡና፣ የአስጎብኚና የአዳኙ ክፍያ በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላል። አዘጋጆቹ ሥራውን ከጀመሩ ገና ብዙ ያልቆዩ ጥቂት ወጣቶች ናቸው፤ እንጀራቸውን ለመዝጋት ስለማልሻ ስማቸውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ይሁን እንጂ የሸጡልኝ ነገርና ያየሁት ነገር አልተገናኙም፤ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ካለም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ማለዳ አንድ ልጅ እርጥብ የፍየል ቆዳ በገመድ አስሮ፣ በሣሩና በቁጥቋጦው መካከል አራት ኪሎ ሜትር ያህል እየጎተተ ይሄዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሾቹ ይለቀቁና ሽታውን ተከትለው ይሮጣሉ፤ እንግዶቹም ከአዳኙ ጋር በእግራቸው ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ ውሾቹ ቆዳውን ያገኛሉ፣ አጥንት ይጣልላቸዋል፣ ሰውም ጥላ ሥር ተቀምጦ ከሽማግሌው አፍ የዱሮውን የአደን ወግ እየሰማ ምሳውን ይበላል። በማስታወቂያው ላይ «እንግሊዞች አደንን ከከለከሉ ወዲህ የሚጠቀሙበት ዘዴ» የሚል ዐረፍተ ነገር ታክሎበታል። ይህችን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ መጓጓዣው ብዙ የምለው የለኝም። ሃይሱ ከፒያሳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሣል ተብሎ 12 ከ40 ተነሣ። ሾፌሩ ግን ጨዋ ነበር፤ ሐረጎን ስንወርድ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሳለ ለመቅደም ሳይቸኩል ከከባድ መኪኖቹ ኋላ ተሰልፎ ወረደ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የሚወስደው ይህ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚያወርድ፣ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሁሉ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። ቁርሱ ፍርፍርና ሻይ ነበር፤ ፍርፍሩ ትኩስ፣ ሻዩ ስኳር የበዛበት። ከዚያ በኋላ በኮረኮንች መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን፣ ማሽላው ዛላውን አንጠልጥሎ የሚታጨድበትን ቀን ከሚጠባበቅበት ማሳ ዳር ወረድን። ማማ ላይ የወጡ ልጆች ወንጭፋቸውን እያጮሁ ወፍ ይጠብቃሉ።

አዳኙ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ከዱላቸው በቀር ሌላ መሣሪያ ያልያዙ ቀጭን ሰው ናቸው። አስጎብኚው «አያ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው አልናቸው። አምስት ውሾች አሏቸው። ሁሉም የአገራችን ዓይነት፣ ደረታቸው ጠባብ፣ ጅራታቸው የተቆለመመ ነው። ከሁሉ የምትልቀው ዳማ የምትባለው ሴት ውሻ ስትሆን፣ አፍንጫዋ ላይ ጃርት የወጋት ሦስት ጠባሳ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይታያል። ሽማግሌው ውሾቹን በቃጫ ገመድ እንጂ በእጃቸው አይዟቸውም። እኛ በደረስንበት ሰዓት አንደኛው ውሻ የውሃ መጠጫቸው ውስጥ አፉን ሲያስገባ አዩና ምንም ሳይናገሩ ውሃውን ደፉ፤ ዕቃውን አንድ ጊዜ በአፈር፣ ስድስት ጊዜ በውሃ አጥበው ድንጋይ ላይ ደፉት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከውሻ ጋር የኖሩ፣ ለውሾቻቸው ከራሳቸው አስቀድመው የሚያበሉ ሰው ናቸው፤ ድንበሩን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከጉዞው ሁሉ ለገንዘቤ ዋጋ የሰጡኝ እኒህ ሰው ነበሩ።

ወደ ቆዳው ልምጣ። ልጁ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲያወጣው ቀረብ ብዬ አየሁት። ጠርዙ ተጨማትሯል፣ ጸጉሩ አፈር ለብሶ ተጣብቋል፣ ሥጋ የነበረበት ጎኑ ከመድረቁ የተነሣ እንደ ካርቶን ይንቋቋል። ለስንተኛ ጊዜ እንደሚጎተት ብጠይቀው ልጁ ጣቱን ቆጥሮ «አራተኛችን ነው» አለኝ። ውሃ ረጨበትና እየጎተተ ሄደ። ሽማግሌው ሲያዩት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምነው አባቴ?» ብላቸው፣ «ውሻ እኮ ሕያው ነገር ከሸተተው የሞተውን አይከተልም» አሉኝ። ይህን የተናገሩት ውሾቹ ከመለቀቃቸው ከሃያ ደቂቃ በፊት ነው፤ አስጎብኚውም አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር።

መጀመሪያው በእውነት ያማረ ነበር። ሽማግሌው ሁለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ሲያፏጩ አምስቱም ውሾች አፍንጫቸውን ከመሬት አጣብቀው ተያያዙት። ዳማ ፊት ፊት እየሄደች ሽታው ሲጠፋባት ትዞራለች፣ ስታገኘው አጭር ድምፅ ታሰማለች፣ የቀሩትም ወደ እርሷ ይሰበሰባሉ። ሽማግሌው የሣሩን መተኛት፣ የድንጋዩን መገልበጥ፣ በቀደም ሌሊት ያለፈ ከርከሮ የቆፈረውን እያሳዩን ሄዱ። ከቡድናችን አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ስለሆንን ሚዳቋ የተኛችበትን ቦታ ከበግ መኝታ መለየት የተማርነው ያን ዕለት ነው። አስጎብኚው በበኩሉ የእንግሊዞቹን ቀንደ መለከት ለመምሰል ይመስለኛል፣ ከኳስ ሜዳ ያመጣውን የፕላስቲክ ጥሩምባ ይነፋ ነበር፤ ሽማግሌው «ልጄ፣ ውሾቹ ግራ ገባቸው» ብለው በትሕትና አስቀመጡት።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄድን፣ የቆዳው ፈለግ ወደ ግራ ሲታጠፍ ዳማ ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዋን አቆመች። ከክትክታው ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ተስፈንጥራ ወጣች፤ ከኋላዋም ግልገሏ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቆዳ አልነበረም። አምስቱም ውሾች ድምፃቸውን አጥፍተው ነጎዱ፤ እናቲቱ እንደ ልማዷ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘች ጫካ ገባች፣ ግልገሏ ግን ሜዳው ላይ ቀረች። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አፏጩ። አንድ ውሻ ተመለሰ፤ አራቱ አልተመለሱም። እኛ ስንደርስ ዳማ ግልገሏን በማንቁርቷ ይዛ፣ ሁለቱ በሆዷ በኩል ይጎትቱ ነበር። ሽማግሌው በዱላቸው አስጥለው ካራቸውን ሲመዙ ትንፋሿ አልፏል።

አስጎብኚው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከቡድኑ አንዱ፣ ሁኔታውን ለማቅለል ይመስለኛል፣ «ቢያንስ ለምሳ ደረሰች» አለ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩትና የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ውሻ ሲለቀቅ ቢስሚላህ ይባልበታል፤ ያኔ የያዘው ይበላል። እኔ አላልኩም። አደን አይደለም አላችሁኝ፣ እኔም አደን አይደለም ብዬ ለቀቅኋቸው።» የሙስሊሙ ሕግ እንዲህ ነው፤ የሠለጠነ ውሻ የፈጣሪ ስም ተጠርቶበት ተለቅቆ የያዘው ይፈቀዳል፣ ሆን ተብሎ ስም ሳይጠራበት የገደለው ግን በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ አይበላም። ከመካከላችን የነበርነው ክርስቲያኖችም ሳይባረክ፣ ታንቆና ተዘንጥሎ የሞተ አንበላም። እንግዲህ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም የማይሆን ሥጋ ሜዳ ላይ ተጋድሞ፣ ዘጠኝ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ይመለከተዋል። ሽማግሌው የአደን ወጋቸውን በሙሉ ያስተማረቻቸው አንዲት ደንብ ነበረች፤ የሚገደለው የሚበላ ወይም ማሳን የሚያጠፋ ነው። የእኛ ጉዞ ይህችን ደንብ አስቀርቶ ግድያውን አስቀረሁ አለ፤ የተወገደው ግን ደንቡ ብቻ ነበር።

ሕጉንም ማንሣት ግድ ነው። በአገራችን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው። አዘጋጆቹ ፈቃድ አያስፈልገንም የሚሉት «እኛ የምናሳድደው ቆዳ ነው» በማለት ነው። የሚያሳድዱት ቆዳ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ክርክሩ ያስኬድ ነበር። ነገር ግን ሚዳቋ በሚያድርበት ቁጥቋጦ መካከል፣ ለመያዝ ያደጉ ውሾችን፣ በደረቀ ቆዳ ሽታ ላይ መልቀቅ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሽማግሌውም አስቀድመው ነግረውናል።

ምሳ ላይ ነገሩ ክርክር ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ከጉዞው ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ክፍል ይኸው ነው። አስጎብኚው ራሱን ለመከላከል ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፦ እዚያ አደን ሙሉ በሙሉ ቆሟል፣ ሕዝቡም ውሾች የተጎተተ ሽታ ብቻ በሚከተሉበት «የሽታ ዱካ አደን» ተስማምቶ ይኖራል አለ። ዕድል ሆኖ ከመካከላችን፣ በእንግሊዝ ገጠር ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩና ለዕረፍት ወደ ደሴ የመጡ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል» ሲላቸው፣ እርሳቸው ያወቁትን ነገሩት፤ ያ ግን እርሱን የሚደግፍ አልነበረም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ቀበሮን በውሾች ማደንን የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በየካቲት 18 ቀን 2005 ነው። የላይኛው ምክር ቤት አልቀበልም ስላለ የታችኛው ምክር ቤት በልዩ ሥልጣኑ ነው ያጸደቀው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 ሕጉን የሚቃወሙ የገጠር ሰዎች ለንደን ላይ ባደረጉት ሰልፍ በአዘጋጆቹ ቆጠራ ከ400,000 በላይ ሰው ወጥቷል። ሕጉም ቢሆን ሁሉን አልከለከለም፤ ከሁለት ያልበለጡ ውሾችን ተጠቅሞ እንስሳውን ከተደበቀበት አስበርግጎ በጠመንጃ መምታት በተወሰነ ሁኔታ ይፈቀዳል፣ አይጥና ጥንቸልም ከክልከላው ውጪ ናቸው። ስኮትላንድ ቀድማ በ2002 የራሷን ሕግ አውጥታ ነበር። በሰሜን አየርላንድ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ አልወጣም። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ቆሟል» የሚለው ትክክል አይደለም።

የአስጎብኚያችን ማስታወቂያ የተደገፈባት ዐረፍተ ነገር የምትወድቀው ግን በሌላ በኩል ነው። እንግሊዞች ከክልከላው በኋላ ያመጡት ዘዴ፣ የቀበሮ ሽታ ያለበትን ጨርቅ እውነተኛ ቀበሮ በሚኖርበት መሬት ላይ ጎትቶ ውሾቹን በዚያ ላይ መልቀቅ ነው። ተቃዋሚዎቹ ለዓመታት የሚያነሡት ቅሬታ እኛ ያን ዕለት በዐይናችን ካየነው ጋር አንድ ነው፤ ውሾቹ ከተሠራው ሽታ ወጥተው ሕያው ቀበሮ ይከተላሉ፣ ቀበሮው ይገደላል፣ አዳኞቹም «አጋጣሚ ነው» ይላሉ። አጋጣሚ መሆኑና ሽፋን መሆኑ ፍርድ ቤት ሳይቀር ያከራከረ ጉዳይ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው አዲስ ሕግ ይህንኑ የሽታ ዱካ አደን ከልክላለች፤ በ2024 ምርጫ ያሸነፈው የሌበር ፓርቲም በእንግሊዝና በዌልስ እከለክለዋለሁ ብሎ በምርጫ ሰነዱ ቃል ገብቷል። የእኛ ወጣቶች እንግሊዞች ሊጥሉት የተነሡትን ዕቃ አዲስ ነው ብለው አስመጥተው ይሸጡልናል ማለት ነው። እዚያው አገር ከዚህ የሚለይ ሌላ የቆየ ልማድ መኖሩን ወይዘሮዋ ጨምረው ነገሩን፤ በዚህኛው ውሾቹ ከሕያው እንስሳ ጋር የማይገናኝ ሽታ እንዲከተሉ ከቡችልነታቸው ጀምሮ ይሠለጥናሉ፣ መንገዱም የዱር እንስሳ ከሚበዛበት ቦታ ርቆ ይመረጣል፣ ቅሬታም ብዙም አይነሣበትም። ዳማን ግን በዚህ ዕድሜዋ ማንም እንደገና አያሠለጥናትም፤ እርሷ የተማረችው ጃርትና ከርከሮ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ በጥሞና ሲያዳምጡ ቆይተው የጠየቁት ጥያቄ ነበር። «እነዚህ እንግሊዞች ቀበሮውን ይበሉታል?» ወይዘሮዋ አይበሉትም አሉ። «እህል ይበላባቸዋል?» አይ፣ ዶሮና የበግ ግልገል ይወስድባቸዋል። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያ ዶሮውን ማታ ማታ መዝጋት ነው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሳቸው ግን ቀልድ አልተናገሩም። ቀጥለው የራሳቸውን ችግር አስረዱን። ጃርት በአንድ ሌሊት የድንች መደብ ይገለብጣል። ከርከሮ ማሽላውን ከሚበላው በላይ ሰብሮ ያልፋል። ዝንጀሮ ቀን ቀን፣ ከርከሮ ሌሊት ስለሚመጡ ለአንድ ማሳ ሁለት ጠባቂ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ናቸው። ውሻ የሌለው ገበሬ ከማሳው ዳር እሳት አንድዶ ነው የሚያድረው። ከተማ ተቀምጦ በውሻ ማደን ጭካኔ ነው የሚል ሰው ከእኒህ ሰው ጋር አንድ የጥቅምት ሌሊት ማማ ላይ ቢያድር ቃሉን የሚመርጥ ይመስለኛል። እኔም ውሻ ይዞ ማሳውን የሚከላከለውን ገበሬ አልወቅስም። እርሳቸው ከችግር የሚያደርጉትን እኛ 1,800 ብር ከፍለን ለመዝናኛ ስናደርገው፣ ያውም «አደን አይደለም» እያልን፣ ያኔ ነው ነገሩ ስሙን የሚለውጠው።

በዚህ መካከል አንድ የቃል ግርታ ተፈጥሮ እንደነበር ላንሣ፤ በአማርኛችን «ቀበሮ» የማይሸከመው እንስሳ የለም። የእንግሊዙን ቀዩን፣ ጭራ ወፍራሙን ቀበሮ እንለዋለን፤ በየጎፍ ዙሪያ ማታ የሚጮኸውንም ቀበሮ እንለዋለን፤ በደጋው የሚኖረው የአገራችን ብርቅዬ ደግሞ «ቀይ ቀበሮ» ነው። ሦስቱ የተለያዩ እንስሳት ናቸው። ይህን ያነሣሁት ለቋንቋ ትምህርት ብዬ አይደለም። አስጎብኚው ምሳ ላይ፣ በጥር ወር ተመሳሳይ ጉዞ በደጋው፣ በቦረና ሳይንት በኩል ለመጀመር ማሰባቸውን በደስታ ነገረን፤ «እዚያ እውነተኛ ቀበሮ አለ» በማለት ጭምር።

እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም፤ ቁጥሩ በጠቅላላው ወደ 500 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በደቡብ ወሎ የቀሩት በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክና በደላንታ ደጋ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የሚበላው በአብዛኛው የደጋ አይጥ ስለሆነ ከገበሬው ጋር ብዙም ጠብ የለውም። የሚያጠፋው ከጥይት ይልቅ የቤት ውሻ ይዞት የሚመጣው በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በተመታው ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አልቀዋል። ስለዚህ አምስት የቆላ ውሾችን በሃይስ ጭኖ ወደዚያ ደጋ መውጣት፣ አንድም እንስሳ ባይነክሱ እንኳ፣ ሊታሰብ የማይገባው ነገር ነው።

ውሾቹ መከተባቸውን ጠየቅሁ። አስጎብኚው «ጤነኞች ናቸው» አለኝ። የክትባት ወረቀት እንዳላቸው ደግሜ ስጠይቀው ሽማግሌውን አየ፤ ሽማግሌውም በግልጽ «አልተከተቡም፣ ሐኪሙ እስከዚህ አይመጣም» አሉ። እኒህን ሰው የምወደው ለዚህ ነው። ግን ዘጠኝ እንግዶች፣ ከመካከላቸውም አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ግማሽ ቀን ካልተከተቡ አምስት ውሾች ጋር ቆይተናል፤ ልጁ ዳማን ሲያሻሽ፣ እርሷም እጁን ስትልስ አይቻለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መጠን ከውሻ ነው። በአንጻሩ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶውን በመከተብ ስርጭቱን ማቆም እንደሚቻል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በቡድኑ ውስጥ ማንም ቢነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ሳሙናም በመኪናው ውስጥ አልነበረም። ከየደንበኛው 1,800 ብር የሚሰበስብ ድርጅት የአምስት ውሾች ክትባት አቅሜ አይደለም ሊል አይችልም።

ምግቡን በሚመለከት ምስጋና አልነፍግም። ምሳው ከሽማግሌው ቤት የመጣ ሽሮና የዶሮ ወጥ ነበር፤ በእስላም የታረደ ዶሮ መሆኑን አስቀድመው ነግረውን፣ ለማይበሉት ሽሮውን በተለየ ሰፌድ አቅርበውልናል። ወሎ ውስጥ ይህን ማንም ባያስተምራቸው ያውቁታል። ቡናው እስከ በረካ ተቀዳ፣ ቆሎውም አልጎደለም። ሽማግሌው በሦስተኛው ስኒ ላይ፣ በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ሆነው የቆሰለ ከርከሮ ሲከተሉ አንድ ሌሊት ሙሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው ያደሩበትን ታሪክ ነገሩን። ጥሩምባ የለ፣ ቆዳ የለ፣ ውሾቹ ከእግራቸው ሥር ተኝተው ነበር። የተከፈለውን ገንዘብ ሁሉ የሚያወጣው ያ አንድ ሰዓት ነው። ሽማግሌው ከዚህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚደርሳቸው ስጠይቃቸው ለአንድ ጉዞ 500 ብር ነው አሉኝ፤ ዘጠኝ ሰው የከፈለው 16,200 ብር መሆኑን አልነገርኳቸውም፣ መንገር ነበረብኝ።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህን ነው፦ ውሾቹ ታስረው፣ ሽማግሌው ፊት ፊት እየሄዱ ዱካ የሚያስነብቡበት የእግር ጉዞ እንዲሆንለት ከመክፈሉ በፊት ይስማማ። ምሳውና ቡናው እንዳለ ይሁን። ልጅ የሚወስድ ሰው ውሾቹ እስኪከተቡ ድረስ ይቆይ። የደጋውን ጉዞ ማንም አይግዛ።

በማግሥቱ ቅሬታዬን ለአዘጋጆቹ ስልክ ደውዬ በዝርዝር አስረዳሁ፤ የሚዳቋዋን፣ የክትባቱን፣ የአዋጁን፣ የሽማግሌውን ክፍያና የደጋውን ዕቅድ አንድ በአንድ አነሣሁ። የሰማኝ ወጣት ጨዋ ነበር፣ አላቋረጠኝም፣ በጽሑፍ የሚይዝም መሰለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣልኝ። ስለደረሰው ነገር ይቅርታ ጠይቀው፣ ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጉዞ አዲስ ቆዳ እንደሚገዙ አረጋገጡልኝ።